የሰከረችው በቅሎና አሥራ አንደኛው ተአምር

፩

በቅሎዋ ሰክራ ነበር።

መጽሐፉ እንዲህ አይልም። መጽሐፉ «ብርሃን የለበሰ መልአክ እየነዳ አመጣት» ነው የሚለው፤ እንዝርት አምባም በሙሉ፣ ከቄሰ ገበዙ እስከ ሕፃን ድረስ፣ መጽሐፉን ያምናል። መስከሯን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም መጽሐፉን በእጃቸው የጻፉት መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው።

መሪጌታ ዘንድሮ ሰባ ስምንት ዓመት ሞላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ ምላሳቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው። ያ ምላስ ይህን ጉዳይ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መያዙ ራሱ ተአምር ነው። እሱን ግን የጻፈው የለም።


፪

ቁም ጸሐፊ መሆን ለምትፈልግ

ፍየል እረድ። ሥጋውን ብላው፤ ጸሐፊም ሆድ አለው። ቆዳውን ውኃ ውስጥ ንከረው፣ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ጠጉሩንና ሞራውን ፍቀህ አውጣ፣ እስኪነጣ በድንጋይ እሸው። መስመሩን በወስፌ አስምር። ጥቁሩን ቀለም ለነገሩ፣ ቀዩን ለአምላክና ለቅዱሳን ስም አድርግ።

ፊትህ የተዘረጋውን መጽሐፍ እያየህ ጻፍ። የተጻፈውን አትመርምር፤ አንተ እጅ ነህ እንጂ ራስ አይደለህም። ከራስህ አንዲት ቃል ብትጨምር ወዮልህ። አንዲት ብትቀንስም እንደዚያው ወዮልህ።

እንቅልፍ ሲያዳፋህ አንድ መስመር ትዘላለህ። ሁሉም ይዘላል። የዘለልከውን በገጹ ዳር፣ ኅዳጉ ላይ፣ በጥቃቅን ፊደል አስገባው፤ የሚያየው ሰው ሆን ብለህ ያደረግኸው ይመስለዋል።

የምትገለብጠውን የመጽሐፍ ቅጠል አይጥ በልቶት ብታገኘው ደግሞ

(መሪጌታን ያስተማሯቸው የኔታ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሞቱ።)


፫

አይጥ።

የእንዝርት አምባ ሰዎች የጻድቃቸውን የአባ ሠርጸ ጽዮንን ገድልና ተአምር ለማስጻፍ ሲነሡ መጽሐፉ የሚገኘው ከወንዝ ማዶ፣ አንድ ገዳም ውስጥ ነበር። ገዳሙ ለስድስት ወር አዋሳቸው። አቶ ደርሶልኝ የሚባሉ ደግ ባላገር ሠላሳ ሁለት ፍየል ሰጡ። ጽሕፈቱ ለመሪጌታ ሆነ። ለጻድቁ ዓመታዊ ንግሥ መድረስ ነበረበት።

መሪጌታ አሥር ተአምር ገለበጡ። ጻድቁ ጅብ ሲገሥጹ፣ ጻድቁ የደረቀ ምንጭ ሲያፈልቁ፣ ጻድቁ ቋጥኝ ላይ ቆመው ወንዝ ሲሻገሩ። እያመኑ ገለበጡ፣ እየገለበጡ አመኑ። ንግሡ አራት ቀን ሲቀረው ወደ መጨረሻው ቅጠል ደረሱ።

ቅጠሉ የለም። ጠርዙ ብቻ፣ ልጅ በልቶ እንደተወው ቂጣ፣ ቀርቷል።

«ታዲያ አሥሩን ያስረክብ» ትል ይሆናል፣ አንባቢ። አይሆንም። መቅድሙ ላይ በቀይ ቀለም «የጻድቁ ተአምር አሥራ አንድ ነው» ተብሎ ተጽፏል፤ መሪጌታም ይህንኑ አሳምረው ገልብጠውታል። አሥር ብቻ ቢያስረክቡ አገሩ «አይጥ በላው» አይልም። «መሪጌታ በላው» ነው የሚለው።


፬

በቅሎ።

በዚያው ሳምንት ዳማ የምትባለው የመሪጌታ በቅሎ ጠፍታ ነበር። ሁለት ቀን ገደል ለገደል ፈለጓት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደጃፋቸው ቁጭ ብለው፣ ባዶውን ብራና ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አባ ሠርጸ ጽዮንን እንዲህ አሏቸው፦

«ወይ በቅሎዬን አምጣ፣ ወይ ተአምርህን አምጣ።»

ጻድቅ እንዲህ አይባልም። መሪጌታ ግን ብለዋል።

ብዙም አልቆየ፤ ዳማ ከታች በኩል ብቅ አለች። እየተወላገደች። ሆዷ እንደ ነጋሪት ተነፍቷል፣ ፊቷ እስከ ዓይኗ ድረስ አተላ ለብሷል። ከታች ሰፈር ጠላ የሚጠምቁ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ለካስ ሁለት ቀን ሙሉ ከጓሯቸው የተቀመጠውን አተላ ስትልስ ከርማለች። በሩ ላይ ስትደርስ በአራት እግሯ ቆመች፣ መሪጌታን አየቻቸው፣ ከዚያ ተኛች።

መሪጌታ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ብዕራቸውን አነሡ።

በግዕዝ የጻፉት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ድሃ ጸሐፊ በቅሎው ጠፋችበት፤ ወደ ጻድቁ ጮኸ፤ ብርሃን የለበሰ መልአክ እየነዳ አመጣለት። አተላውን ተዉት። ጩኸታቸውንም ትንሽ አለዘቡት። መልአኩን የጨመሩት ለአፍ ማጣፈጫ ነው፤ ተአምር ያለ መልአክ ጨው እንደሌለው ወጥ ነዋ።


፭

ባዶ ቦታ።

እያንዳንዱ ተአምር የሚያልቀው በአንድ ምርቃት ነው፦ ጸሎቱ ወበረከቱ የሀሉ ምስለ እገሌ፤ የጻድቁ ጸሎትና በረከት ከእገሌ ጋር ይሁን። በእገሌ ቦታ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው የክርስትና ስም በቀይ ይገባል። መሪጌታ በአሥሩ ተአምራት መጨረሻ የአቶ ደርሶልኝን የክርስትና ስም አሥር ጊዜ ጽፈዋል።

አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸው እምቢ አለ። ሠላሳ ሁለት ፍየል የሰጠ ሰው በመሪጌታ ውሸት ይባረክ? አራት ጣት የሚያህል ቦታ ባዶውን ትተው መጽሐፉን አስረከቡ። ኋላ ሲረጋጉ ሊሞሉት ነበር። አልተረጋጉም።

በንግሡ ቀን ቄስ አስረስ፣ የዛሬው ቄሰ ገበዝ፣ ተአምሩን ለሕዝብ እያነበቡ ከባዶው ቦታ ደረሱ። ከማን ጋር ይሁን ይበሉ? ፊት ለፊታቸው በሬው የጠፋበት አንድ ገበሬ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የሱን ስም ጠሩት። በሬው በሳምንቱ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃውም ከብቱም የጠፋበት ሁሉ እየመጣ ስሙን በባዶው ቦታ ያስጠራል። ከሦስት ወረዳ ማዶ እንኳ ይመጣሉ። ቄስ አስረስ «ጻድቁ ለኛ ብለው የተዉት ወንበር ነው» ይላሉ። መሪጌታም ይህን በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።


፮

የብራና መጻሕፍት መመዝገቢያ ቅጽ
(መጻሕፍቱን ፎቶ ለማንሣት ከከተማ የመጣው ዶክተር ኪሩቤል የሞላው)

የመጽሐፉ ስም፦ ገድልና ተአምር ዘአባ ሠርጸ ጽዮን
የሚገኝበት፦ እንዝርት አምባ
የተጻፈበት፦ የፍየል ብራና
ጸሐፊው፦ መሪጌታ ልሳነወርቅ (በሕይወት አሉ)
የጎደለ ቅጠል፦ የለም
ሁኔታው፦ ደህና። የመጨረሻው ገጽ ከመሳለም ብዛት ጠቁሯል።
ልዩ ማስታወሻ፦ ባዶ ቦታ፣ አራት ጣት። ምክንያቱ አልታወቀም።


፯

ዶክተሩ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀምጦ ሕዝቡን ጠየቀ። «ይህ መጽሐፍ እውነት መሆኑን በምን አወቃችሁ?» የተመለሰለትን እንደ ወረደ፦

መጽሐፍ ነዋ።

በሬዬ ተገኘ።

በሬዬ አልተገኘም። ግን የዚያን ዕለት አንጀቴ ረጋ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የኔ ላም አልተገኘችም። በኔ ኃጢአት ነው እንጂ መጽሐፉማ ምን አጠፋ።

አባቴ ያምን ነበር። አባትህ ሞኝ ነበር እያልከኝ ነው?

ቆዳ ላይ ነው የተጻፈው። ወረቀት ቢሆን እጠረጥር ነበር።

በግዕዝ ነው። ያልገባኝን ነገር ሐሰት ነው ለማለት ምን አቅም አለኝ?

አንተስ ዶክተር ነኝ ስትል አመንህ የለ?

የጻፉት መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሲቀልዱ እንጂ ሲዋሹ አይተን አናውቅም።

ዶክተሩ ይህን ሁሉ ለመሪጌታ አነበበላቸው። የመጨረሻውን ሲሰሙ ጥምጣማቸው ጠበባቸው። በማግስቱ እውነቱን ሊነግሩት ወሰኑ። ሳይናገሩ መሞት ፈርተው ነበር፤ ጅብ የገሠጹት ጻድቅ ወዲያ ማዶ ቆመው ይጠብቋቸዋል፣ የሚጠይቋቸውም ስለ በቅሎዋ እንደሆነ አልተጠራጠሩም።


፰

ዶክተሩ የቀዳው። የመሪጌታ ደጃፍ፣ ረፋድ።

መሪጌታ፦ ይህች ነገር ትሰማለች?

ዶክተር፦ ትቀዳለች። ላጥፋት?

መሪጌታ፦ ተዋት፣ ትስማ። አንድ የምነግርህ ነገር አለ። ስለ አሥራ አንደኛው ተአምር ነው።

ዶክተር፦ ይገርማል፣ እኔም ስለሱ ልጠይቅዎ ነበር። ከዚያው ገዳም መጽሐፍ የተገለበጡ ሌሎች ሦስት ቅጂዎች አይቻለሁ። አሥሩ ተአምር ቃል በቃል አንድ ነው። አሥራ አንደኛው ግን በየቅጂው ይለያያል።

መሪጌታ፦ ይለያያል?

ዶክተር፦ አንዱ ላይ የጠፋ ቢላዋ ስለመገኘቱ ነው።

መሪጌታ፦ ምን ዓይነት ቢላዋ?

ዶክተር፦ ትንሽዬ። ብዕር የሚቀረጽበት ነው ይላል።

መሪጌታ፦ (ይስላሉ) ሁለተኛውስ?

ዶክተር፦ አንድ መነኩሴ ወገቡን ታሞ አጎንብሶ መቀመጥ አቃተው፤ ጻድቁ ፈወሱት።

መሪጌታ፦ አጎንብሶ።

ዶክተር፦ ሦስተኛው ላይ ሊዘንብ የነበረ ዝናብ ቆመ። ለብራና የተወጠረ ቆዳ ከመበስበስ ተረፈ።

መሪጌታ፦ (ረዥም ሳቅ)

ዶክተር፦ ምን አሳቀዎት?

መሪጌታ፦ ምንም። ያች አይጥ ስንት ዘመኗ ነው ብዬ ነው።

ዶክተር፦ አልገባኝም።

መሪጌታ፦ አይግባህ፣ ልጄ።

ዶክተር፦ ሊነግሩኝ የነበረውስ?

(ዶሮ ይሰማል።)

መሪጌታ፦ ረሳሁት።


፱

ዶክተሩ ከደጃፋቸው ከተነሣ በኋላ ሳቃቸው አላቂ ሆነ። አንድ ሐሳብ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

አሥራ አንደኛውን የጻፉት ሦስቱ እንደ እሳቸው ናቸው እንበል፤ ቢላዋ የጠፋበት፣ ወገቡን ያመመው፣ ቆዳ ያሰጣ። መልካም። የመጀመሪያውን ተአምር የጻፈውስ? ሁለተኛውን? የምንጩን ተአምር የጻፈውስ ሰው የሚጠጣው አጥቶ ነበር?

እሱም በቅሎ ነበረችው?

ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ እየጠቀሱ የሌላውን ሰው አፍ ሲያስዘጉ የኖሩት መሪጌታ፣ ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅሱት መጽሐፍ አጡ። ፈሩ። ምሳ ቀርቦላቸው አልበሉም፤ ይህ ደግሞ በቤታቸው ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

በዚህ መሐል አንጓች መጣች።

አንጓች የታች ሰፈር ሴት ናት፤ ስድሳ ዓመት ይሆናታል። አንድ ልጇ አያናው ከስምንት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ። አብረውት የወረዱት ተመለሱ። እሱ አልተመለሰም፣ ሞተም የሚል አልመጣም። ስሙ በባዶው ቦታ ስምንት ንግሥ ተጠርቷል።

«የኔታ» አለች ጉልበታቸውን ስማ፣ «ዛሬ የመጣሁት ላስጠራ አይደለም። ላስጽፍ ነው።»

«ምን?»

«ስሙን ነዋ። የተጠራ ስም ነፋስ ይወስደዋል። ቄስ አስረስን ጠይቄ ፈቅደዋል። ያ ከከተማ የመጣው ልጅ ነገ መጽሐፉን ፎቶ ሊያነሣው ነው አሉ። ከተነሣ በኋላ አይለወጥም አሉ። ዛሬ ይግባልኝ።»

«ምን አስቸኮለሽ?»

«የባሌ ወንድሞች ተዝካር አውጪ እያሉ ያዋክቡኛል። ሞቷል፣ ነፍሱን አታንገላቺ ይሉኛል። ልጄ መጽሐፍ ላይ ከሕያዋን ጋር ከተጻፈ ማን ደፍሮ ተዝካር ይለኛል? መጽሐፍ ካለ አለ ነው።»

መሪጌታ ወደ ግድግዳው ሊዞሩ ቃጣቸው። እዚህ ግን ግድግዳ አልነበረም፤ የሚቀመጡት ደጅ ነው።


፲

መጽሐፉ ከዕቃ ቤት መጣ። ቄስ አስረስ ከማኅደሩ አውጥተው፣ ሰጥተው፣ ራቅ ብለው ተቀመጡ። መሪጌታ ቀዩን ቀለም በጠበጡ። ብዕሩን ቀረጹ። እንደገና ቀረጹት። ብዕሩ እያለቀ ሄደ።

«አንጓች።»

«አቤት።»

«በቅሎዋ ሰክራ ነበር።»

አሉት። ሠላሳ አራት ዓመት ያቆዩት ነገር ይህን ያህል አጭር መሆኑ ራሳቸውን ገረማቸው። ከዚያ የቀረውን ዘረገፉት፤ አይጡን፣ መቅድሙን፣ አተላውን፣ መልአኩን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ቄስ አስረስ ሩቅ ናቸው።

አንጓች አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«አተላው የእናቴ ነው፣ የኔታ። ጠላ ሻጯ እናቴ አልነበሩም? ለከብቶቻችን ያስቀመጥነውን ጨርሳ ብትጠብቀኝ ዱላ አንሥቼ ከእርስዎ ደጅ ታች እስካለው መታጠፊያ ድረስ የነዳኋት እኔ ነኝ። ያኔ የማን እንደሆነችም አላውቅ። ነጭ ለብሼ ነበር፤ ሰንበት ነበር መሰለኝ።»

(ከላይ በ፩ «መስከሯን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ስሕተት ነው። አይፋቅም፤ ኅዳጉ ላይ ይግባ።)

መሪጌታ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። መልአኩ ጥርሱ ጎድሎ፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ፣ ፊታቸው ቆሟል።

«ታዲያ ስታውቂ…» አሉ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ስታስጠሪ…»

«በንግሡ ቀን ተነብቦ ሲተረጎም ሰምቼ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። እቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ።»

«ለምን?»

«እርስዎ እዚህ ሆነው ጠሩ። እኔ እዚያ ማዶ ሆኜ ዱላ አነሣሁ። ጸሎትዎን አልሰማሁ፤ እኔ ለአተላዬ ነው የወጣሁት። ማን ላከኝ?»

መሪጌታ ብዕሩን ለሦስተኛ ጊዜ ቀረጹት። ቅኔ ቢጠይቋቸው ይቀኙ ነበር፤ ትርጓሜ ቢጠይቋቸው ያመሰጥሩ ነበር።

«በቅሎዋ መጣችልዎ አልመጣችም?» አለች አንጓች።

«መጣች።»

«እንግዲያስ።»

መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አመቻቹ። ዓይናቸው ቢደክምም ባዶውን ቦታ በጣታቸው አገኙት፤ ከመሳለም ብዛት ለስልሷል። የአያናው የክርስትና ስም ወልደ ሰንበት ነው። ለሞተ ሰው ከስሙ በፊት «ነፍስ» ትቀድማለች፤ ላለ ሰው አትቀድምም። የመጀመሪያዋ ፊደል፣ «ነ» ወይም «ወ»፣ ስትጻፍ ነገሩ ይለያል። ቀይ ቀለም በፍየል ቆዳ ላይ ቢፍቁትም ጠባሳው አይጠፋም።

አሁን ቀልዱ አለቀባቸው። ብዕሩን ነከሩ፣ ከቆዳው በላይ ያዙት።

«ልጄ» አሉ፣ «አለ ብዬ ልጻፍ? እኔ የማላውቀውን?»

አንጓች አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። መንገዱን ወደ ታች ታየው ጀመር፤ ያኔ ዳማ የመጣችበትን።

«ይጻፉና እንየው» አለች።


፲፩

ጸሎቱ ወበረከቱ የሀሉ ምስለ